ቆጣሪዋ 38,412 ኪሎ ሜትር የሚያነብ የ1968 ካርማን ጊያ፦ ተገቢው ዋጋ ስንት ነው?

ጣና ዳር | ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን ልጠይቅ ወደድኩ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመች ቮልስዋገን ካርማን ጊያ ለሽያጭ ቀርባለች። ሞዴሏ የ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን ጣሪያዋ ብረት የሆነው ባለ ሁለት በሩ ዓይነት ናት። ባለቤቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ የሚሸጡት ሴት ልጃቸው ናቸው፤ እሳቸውም ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። በፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፈው የመጨረሻው ቦሎ የ1995 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ አልወጣችም የሚለውን ቃላቸውን አምኛለሁ። ቆጣሪዋ 38,412 ኪሎ ሜትር ያነባል።

የተጠየቀው ዋጋ 1,650,000 ብር ነው። ደላላው ከሁሉ በላይ የሚደጋግመው ይህንኑ የኪሎ ሜትር ቁጥር ሲሆን፣ «ወንድሜ፣ ሞተሯ ገና አልተፈታም፤ የምትገዛው አዲስ መኪና ነው» ይለኛል። እኔ እስከ 1,350,000 ብር ለመክፈል አስቤያለሁ፤ ነገር ግን የምተማመንበት መለኪያ የለኝም። እንደ ቶዮታ ብትሆን ከተማውን ዞሬ አሥር ተመሳሳይ አይቼ አወዳድር ነበር፤ የዚህችን አምሳያ ግን ባሕር ዳር ውስጥ አይቼ አላውቅም። ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር በዋጋ ላይ ምን ያህል ሊጨምር ይገባዋል?

ምንዛሪ | ጥቅምት 4

ነገሩን ማወሳሰብ አያስፈልግም። ውጭ አገር በጨረታ የምትሸጥበትን ዋጋ በዶላር ያግኙ፤ በዛሬው ምንዛሪ ያባዙት፤ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ይጨምሩበት። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ምን ያህል እንደ ወጣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ስሌት የተጠየቁት ገንዘብ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ነው፤ ሌላ ሰው ሳይቀድምዎት ቀብድ ይክፈሉ።

ባለ ቮልስ | ጥቅምት 4

ከላይ ያለውን ስሌት እንዳይከተሉ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ሰው ማስታወቂያ ላይ የሚጽፈው ዋጋና መኪናው ተሸጦ ገንዘቡ የተቆጠረበት ዋጋ የተለያዩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የምንለቅመው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛ፣ ቀረጥ የሚጨመረው ሊገባ በሚችል ዕቃ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አክብዶት ነበር፤ ከጥር 2016 ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተወስኗል። ስለዚህ «ከውጭ ባስመጣት ይህን ያህል ይፈጅብኝ ነበር» የሚለው ሐሳብ በሌለ መንገድ ላይ የተሠራ ሒሳብ ነው። ሦስተኛ፣ ነገ ልሽጣት ቢሉ ገዢዎ ያለው መኪናዋ የተሠራችበት የጀርመኑ ኦስናብሩክ ሳይሆን ባሕር ዳር፣ ቢበዛ አዲስ አበባ ነው።

እኔ ላለፉት 19 ዓመታት ቮልስ ነድቻለሁ። ባለፈው ዓመት የ1970 ቮልሴን በ520,000 ብር ሸጥኩ፤ ሞተሯ የታደሰ፣ ላሜራዋ ንጹሕ፣ ቦሎዋ የታደሰ ነበር። ካርማን ጊያ ከውበቷ ሥር ስትታይ ቮልስ ስለሆነች፣ መነሻችን ከዚህ ቁጥር አጠገብ መሆን ያለበት ይመስለኛል።

ጋራዥ የኖርኩ | ጥቅምት 5

ጠያቂው ወንድማችን ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት መኪናዋ ምን እንደሆነች እንነጋገር፤ ዋጋው የሚወጣው ከዚያ ነውና።

ካርማን ጊያን የነደፈው የጣሊያኗ ቱሪን ከተማው ጊያ ኩባንያ፣ አካሏን የሠራው የኦስናብሩኩ ካርማን፣ ሞተሯንና ከሥር ያለውን ሁሉ የሰጠው ቮልስዋገን ነው። ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ በጀርመን ከ440,000 በላይ ተሠርተዋል። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ የፊት አክሰሏ በአመዛኙ ከቮልስ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ዛሬ እዚህ ባይገኝ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ ውለው ያገኙታል። የፊት መስታወቷን፣ የመብራቶቿን ሽፋን፣ የበሮቿን ጎሚኒ፣ መከላከያዋን፣ በተለይም ያንን ክብ አፍንጫዋን ግን አንድ ወር ቢዞሩ አያገኙትም። ደላላው ስለ ሞተር ሲያወራልዎት እርስዎ ላሜራ ይመልከቱ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር ገንዘብ ካለ ይታደሳል፤ የተበላ አፍንጫን በፋብሪካ ቅርጹ የሚመልስ ባለሙያ በዚህ ከተማ አላውቅም።

አፍንጫዋ ከብዙ ቁራጭ ላሜራ ተበይዶ፣ መጋጠሚያው በእርሳስ ተሞልቶ በእጅ የተስተካከለ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስቱኮ መኖሩን ለማወቅ ማግኔት ይዘው ይሄዱና መጋጠሚያው ላይ ማግኔቱ አልይዝ ሲላቸው «ተጋጭታለች» ብለው ይመለሳሉ። እርሳስም ማግኔት አይስብም። ልዩነቱን በጥፍርዎ ጀርባ መታ መታ አድርገው ያዳምጡት፤ ስቱኮ እንደ ደረቅ ቅል ይሰማል፣ እርሳስ ድምፁ የታፈነና የከበደ ነው። ማግኔቱ የማይዘው በመጋጠሚያው መስመር ብቻ ከሆነ አይደንግጡ፤ በሰፊው ሜዳ ላይም ካልያዘ ግን ተጋጭታለች ማለት ነው።

ከዚያ ምንጣፉን ያንሡና ወለሉን ይዩ። በሮቹ ሥር ያለውን የሞቃት አየር መተላለፊያ ሣጥን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ይንኩት። ከፊት የተጠባባቂ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ፣ ከኋላ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ባትሪው የተቀመጠበትን ላሜራ አይርሱ፤ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ የዚህች ግን ከሞተሩ ጎን ነው፤ አሲዱም እዚያው ይበላል። ጣና ጨው አልባ ውኃ ስለሆነ የእኛ ከተማ እርጥበት እንደ ምጽዋ አይጨክንም፤ መኪናዋ ቀድሞ የት እንደኖረች ግን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ኪሎ ሜትሩ ልምጣ። የዚህች መኪና ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ነው። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 38,412 የሚለው ንባብ 138,412 ሊሆን ይችላል፤ 238,412 ሊሆንም ይችላል። ይህን ለማጭበርበር ማንም እጁን ማስገባት አያስፈልገውም፤ ቆጣሪው በራሱ ያደርገዋል። እውነቱን የሚነግርዎት ሌላ ቦታ ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማቸውን ይዩ፤ በ38,000 ኪሎ ሜትር ጭረቱ አይጠፋም። አዲስ ጎማ በአሮጌ ፔዳል ላይ ካዩ ደግሞ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። የሾፌሩ ወንበር ስፕሪንግ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የመሪው ክፍተት ሁሉም የራሳቸውን ቆጣሪ ይዘው ነው የሚኖሩት።

በመጨረሻ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ከኋላ ጎንበስ ብለው ፑሌጃውን (የሞተሩ ቀበቶ የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ መልሰው ወደ ሞተሩ ይግፉት። ለጤነኛ ሞተር የተፈቀደው የወዲያ ወዲህ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ከደረሰ ሞተሩ መውረድ አለበት። የተፈቀደው መጠን በእጅ የሚሰማ አይደለም። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰጠ ደላላውን ማዳመጥ ያቁሙ።

ጣና ዳር | ጥቅምት 5

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ጽሑፍዎን አትሜ ይዤው እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር። አንድ ጓደኛዬ የኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚለካ) አለው። ስንት ቢያነብ ነው ደህና የምለው?

ጋራዥ የኖርኩ | ጥቅምት 5

ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጥተው፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጠው ይለኩ። ነገር ግን በመጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል መሆኑን ያስታውሱ። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ አምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ታች 8 ባር የሚያነብ ሞተር እዚህ 6.4 አካባቢ ያነባል፤ እሱም ጤነኛ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የአራቱን መቀራረብ ነው። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር ይመልከቱ፤ በዚያ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ለእሱ የሚደርሰውን አየር ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፣ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው የእሱ ነው።

ቁጥሮቿንም ያመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ተመትቷል፤ የ1968 ካርማን ጊያ ከሆነች በ148 ይጀምራል። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው፤ በላቲኑ «ኤች» ከጀመረ የ1500ው ሞተር ነው፣ ለእሷ የተገባው። «ኤፍ» ካሉት የ1300 ሞተር ከሌላ ቮልስ ወጥቶ ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የቆጣሪው ንባብ ለሞተሩ ምንም አይናገርም። ከፊት ጎማዎቹ ውስጥ ደግሞ የዲስክ ፍሬን ሊኖር ይገባል።

ዘንባባ | ጥቅምት 6

ስለ ብረቱ ብዙ ስለተባለ እኔ ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልናገር። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ፣ ልጃቸው ብቻቸውን ሊሸጡልዎት አይችሉም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መውጣቱን፣ ስንት ወራሾች እንዳሉ፣ ሁሉም መፈረማቸውን ወይም ሕጋዊ ውክልና መስጠታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። መኪናዋ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በአንድ አሃዝ ቢለያይ እንኳ ስም ማዛወሩ ይቆማል።

ቀብድ ሲሰጡ ደግሞ ሕጉን ይወቁት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ወራሾቹ ሳይሟሉ የተሰጠ ቀብድ ግን የክርክር መነሻ ነው። ወረቀቱ ያልተሟላ መኪና ዋጋው ዝቅ ማለቱም ያለ ነው፤ ምን ያህል ዝቅ ይበል ብትሉኝ፣ ወረቀቱ እስኪሟላ ምንም አትክፈሉ እላለሁ እንጂ ቁጥር አልሰጥም።

ምንዛሪ | ጥቅምት 6

ሰው ሁሉ ካርማን ጊያን ስፖርት መኪና ይላታል። 44 የፈረስ ጉልበት ምኑ ነው ስፖርት? በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙም የማታልፍ መኪና ናት።

ባለ ቮልስ | ጥቅምት 6

እውነት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ከ44ቱ ብዙው አይደርስዎትም፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ባጃጅ ሊቀድምዎት ይችላል። የስፖርት መኪና ልብስ የለበሰች ቮልስ ናት ቢባል አልቀየምም። ይሁን እንጂ ገዢው የሚከፍለው ለልብሱ ነው፤ ስለዚህም ነው ልብሱ መበላቱንና አለመበላቱን የምንመረምረው።

ቁጥር ወዳጅ | ጥቅምት 7

ጠያቂው ያነሡት ጥያቄ «ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ይጨምራል» የሚል ስለነበር፣ ለዚያ ቀጥተኛ መልስ ልሞክር። ኪሎ ሜትር በራሱ ዕቃ አይደለም። ዝቅተኛ መሆኑ የሚጠቅመን ገና ያላወጣነውን ወጪ ስለሚነግረን ነው፦ ሞተሩ ገና አይታደስም፣ ካምቢዮው ገና አይከፈትም። እንግዲያው የተረጋገጠ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር የሚጨምረው ዋጋ ቢበዛ እነዚህን ሥራዎች ለማሠራት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ጋራዥ ጠይቀው የሞተር እድሳት ስንት እንደሚፈጅ ይወቁ፤ የ38,412 ዋጋ ከዚያ ብዙ ሊርቅ አይገባውም። ያልተረጋገጠ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ቀለሟ የፋብሪካ፣ ወንበሯ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ለዚያ ተጨማሪ መክፈል ተገቢ ነው፤ አንዴ ከተቀየረ የሚመለስ አይደለምና። ያ ግን ለብቻው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ብዙ የነዱ ጠንቃቃ ሰዎች ያኖሩታል፣ ጥቂት የነዱ ግድየለሾች ያበላሹታል። ሻጮች ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው በኪሎ ሜትሩ ስም ያስከፍላሉ።

ደግሞም ለ22 ዓመት የቆመች መኪና ዝቅተኛ ኪሎ ሜትሯ ግማሹ ጉዳት ነው። የፍሬን ሲሊንደሮቿ ተጣብቀዋል፣ ቤንዚኑ ማስቲሽ ሆኗል፣ ጎማዎቿ ጥልቅ ጥርስ ቢኖራቸውም ሞተዋል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2302 ካለ በ2002 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ለአበባ መትከያ ይሁን።

ጣና ዳር | ጥቅምት 9

ትናንት ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሄደን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት መረመርናት። እመቤቲቱ ቡና አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ እንደ እንግዳ ተቀብለውናል፤ ይህንን የምጽፈው ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ በእሳቸው እንዳትፈርዱ ነው።

ላሜራዋ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ማግኔቱ ከግራ መብራቱ በላይ ባለው መጋጠሚያ ላይ ብቻ ወደቀ፤ በጥፍሬ ስመታው ድምፁ የታፈነ ነበር፣ ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት እርሳስ ነው ብዬ አለፍኩት። ወለሉ ጤነኛ ነው። ባትሪው የሚቀመጥበት ላሜራ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ሌላ የተበላ ቦታ አላገኘንም። ቀለሟ የመጀመሪያው ነው፣ ጣሪያው ላይ ብቻ ደብዝዟል። የሻንሲ ቁጥሩ በ148 ይጀምራል፣ የሞተሩ በ«ኤች»፣ ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አንድ ናቸው። የፊት ፍሬኗም ዲስክ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ፑሌጃው ላይ ነው። ሞተሩ አልተጣበቀም፣ በእጅ ዞረ። ከዚያ ስስበው ግን «ቋ» አለ፤ ስገፋው እንደገና «ቋ»። ጓደኛዬ ሦስት ሜትር ርቆ ቆሞ ሰምቶታል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማም በግራ ጠርዙ በኩል እስከ ብረቱ አልቋል።

የሾፌሩን በር ከፍቼ የበሩን ማጠፊያ ስፈትሽ፣ ከማጠፊያው በላይ በአቧራና በቅባት የተሸፈነ አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጌ ስጠርገው የዘይት ቅየራ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። የጋራዡ ስም ግማሹ ተፍቋል፣ «አሥመራ» የሚለው ብቻ ይነበባል። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ነሐሴ 1972፣ ኪ.ሜ. 91,640፣ ቀጣይ 96,640» ተብሎ ተጽፏል።

ለእመቤቲቱ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡትና፣ «የአባቴ ጽሕፈት እኮ ነው! ጋራዥ ዘይቱን ይቀይራል እንጂ ወረቀቱን ራሱ ነበር የሚሞላው» አሉ። ስለ 38,412 ጭራሽ አልተናገሩም። ደላላው ግን ወዲያው ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው ሊለን ሞከረ።

ምንዛሪ | ጥቅምት 9

ይህ ማታለል ነው። ቢያንስ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ደብቀዋል። ዋጋው በግማሽ መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ጥለው ይሂዱ።

ጋራዥ የኖርኩ | ጥቅምት 9

ማንም አልደበቀም። የደበቀ ሰው ወረቀቱን በበሩ ላይ አይተውም ነበር። ቆጣሪው ዞረ፣ ባለቤቱ ሞቱ፣ ልጃቸው የሚያዩትን ቁጥር ነገሩን። ደላላው ምን ያህል እንደሚያውቅ የእሱ ጉዳይ ነው።

ዋጋው በግማሽ ይውረድ የሚለውንም አልቀበልም። ወረቀቱ ከመገኘቱ በፊት በዚህች መኪና ላይ የነበረ ላሜራ ዛሬም አለ። የጎደለብን አንድ ሞተር ነው። የፑሌጃው እንቅስቃሴ እንዲህ ከተሰማ ክራንኩ መቀመጫውን በልቷል ማለት ነውና ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራው የሞተሩ ሣጥን መከፈት አለበት። ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ያሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ደውዬ ጠይቄ ነበር፤ ፒስተንና ሲሊንደሩ፣ ቴስታታው፣ ኩሽኔታው፣ የእጅ ዋጋው ተጨምሮ 160,000 ብር አካባቢ ይጠራል። ከዚያ ብዙ የሚጠይቅዎት ካለ ለእኔ ይንገሩኝ።

ቁጥር ወዳጅ | ጥቅምት 10

ወረቀቱ ቆጣሪው መዞሩን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደዞረ ለመገመትም ይረዳል። መኪናዋ ከ1968 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ባሉት 12 ዓመታት 91,640 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ በዓመት 7,600 ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ቆመችበት ድረስ 23 ዓመት አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ከሆነ በእነዚያ ዓመታት የሄደችው 46,772 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዓመት ሁለት ሺህ ያህል፤ ሰውየው በዕድሜ እየገፉ፣ ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት ዘመን ውስጥም ስላለፉ ይህ የሚታመን ነው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ከሆነ በዓመት 6,400 ይደርሳል፤ እሱም የማይቻል አይደለም።

ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር አናውቅም፣ ልናውቅም አያስፈልገንም። በሁለቱም ግምት ሞተሩ መታደስ አለበት፣ በሁለቱም ግምት ላሜራው ያው ነው። የሚሰጡት ዋጋ ሁለቱንም የሚችል ይሁን። ባለ ቮልስ የሰጡንን 520,000 መነሻ አድርገን፣ ለጤነኛ አካልና ለመጀመሪያው ቀለም ሁለት እጥፍ ተኩል ብንከፍል 1,300,000 እንደርሳለን። ይህ ሁለት እጥፍ ተኩል የእኔ ሚዛን ነው፤ ሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ሊል ይችላል። ከዚያ ላይ ሞተሩንና ከእንቅልፍ የመቀስቀሻውን ወጪ ይቀንሱ። መኪናዋን ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በካርጎ የማመላለሻ ወጪ እኔ አላስገባሁም፤ ሞተሩ ብቻውን ወርዶ ቢሄድ ይሻላል።

ባለ ቮልስ | ጥቅምት 10

ሁለት እጥፍ ተኩሉ ለእኔ ትንሽ በዝቷል፤ ነገር ግን የፋብሪካ ቀለም ያላት ከሆነች አልከራከርም። ሻጯ ወይም ደላላው ለሠርግ በማከራየት ገንዘብዎን ትመልሳለች ካሉዎት ግን ያን ገቢ ከዋጋው ጋር አይደምሩት። የኋላ ወንበሯ ሕፃን ልጅ የማያስቀምጥ ስለሆነ ሙሽሮቹ ከገቡ ሚዜው በእግሩ ይከተላል።

ጣና ዳር | ጥቅምት 15

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሒሳብ ወረቀቴን ይዤ ረቡዕ ማታ ወደ እመቤቲቱ ሄድኩ፤ ደላላው አልነበረም፣ እኔም አልጠራሁትም፤ ኮሚሽኑን ግን እንደማልነፍገው ነግሬዋለሁ። በቮልስ ዋጋ ጀምሬ እስከ 1,300,000 የደረስኩበትን መንገድ አስረዳኋቸው፤ ከዚያ ላይ የፍሬን ሥራ 42,000፣ አራት ጎማ 44,000፣ የቤንዚን ጋንና ካርቡሬተር ማጽጃ 15,000፣ ጎሚኒዎች 20,000፣ ባትሪ 14,000፣ በድምሩ 135,000 ብር ቀነስኩ፤ ሞተሩን 160,000 ስቀንስ 1,005,000 ብር ቀረ። የባትሪው ቀዳዳ ያን ያህል ስላልሆነ ለራሴ ተውኩት።

እመቤቲቱ ወረቀቱን ተቀብለው መስመር በመስመር ተከታተሉት። ጎማው ላይ ሲደርሱ «እኔ እንኳ ጎማው ደህና መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ወጥተን ቁጥሩን በባትሪ ብርሃን አሳየኋቸው፤ ሦስት አሃዝ ነው። ተመልሰን ከተቀመጥን በኋላ አባታቸው ቀለሟን ላለማስነካት ዝናብ በመጣ ቁጥር ሸራ ይዘው ይሮጡ እንደነበር፣ ለዚያ ድካም የሰጠሁት ዋጋ እንዳነሰ ነገሩኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም፤ እውነትም ነበራቸው። በ1,050,000 ብር ተስማማን።

ሊብሬው በአባታቸው ስም ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫው ወጥቷል፣ ወራሾቹ ሁለት ናቸው። ጎንደር ያሉት ወንድማቸው ውክልናቸውን በሚመጣው ሳምንት ይልካሉ። ዘንባባ እንደመከሩኝ ውክልናው እስኪደርስ ድረስ አንድም ብር አልሰጠሁም፤ በቃል ብቻ ተጨባብጠናል።

ዘንባባ | ጥቅምት 15

መልካም አድርገዋል። ውክልናው ሲደርስ «ለመሸጥ» እና «ስም ለማዛወር» የሚሉት ሥልጣኖች ሁለቱም በግልጽ መጻፋቸውን ያንብቡ።

ጋራዥ የኖርኩ | ጥቅምት 16

እስከዚያው ድረስ ሞተሩን ለማስነሣት እንዳትሞክሩ። አራቱን ካንዴላ አውጥተው በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያፍስሱ፣ ሁለት ቀን ይተዉት፣ ከዚያ በእጅ ብቻ ያዙሩት። መታደሱ ባይቀርለትም ሲሊንደሮቹን የበለጠ አይቧጥጧቸው። የበሩን ወረቀት ደግሞ ማንም እንዳይፍቀው፤ ግልጽ ፕላስቲክ ይለጥፉበት።

ስትጎትቷት እኔም ብገኝ ደስ ይለኛል። ቀኑን ይንገሩኝ፣ ገመድ እኔ አመጣለሁ፤ የፊት መከላከያዋ ላይ ግን እንዳታስሩ፣ አክሰሏ ላይ እናስራለን።